«ልጁን ጥሩ አድርጋችሁ አብሉት» ማለት አይበቃም፦ ኦቲዝም ስላለባቸው ሕፃናት ክብደትና የጤና ልማድ የምንሰጠው ምክር ሲመዘን

መግቢያ

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲያቋቁሙ ትልቁ ትግል ሕፃናቱን ከተዘጋ ቤት ማውጣትና ሁኔታቸው እርግማን አለመሆኑን ለኅብረተሰቡ ማስረዳት ነበር። እኚህ እናት እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስ የደከሙበት ሥራ ፍሬ በማፍራቱ ዛሬ ጥያቄው አንድ ደረጃ ከፍ ብሏል። ልጁ ኦቲዝም እንዳለበት ከታወቀ በኋላ ምን ይብላ? እንዴት ይተኛ? ሰውነቱን የሚያንቀሳቅሰው መቼና የት ነው? ክብደቱንስ ማን ይከታተልለት? እነዚህ ጉዳዮች የጤና ባለሙያውን መልስ የሚጠብቁ ሆነዋል።

በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው ለእነዚህ ጥያቄዎች የምንሰጠው መልስ ነው። ለምርመራው ሦስት ነገሮች ተመርጠዋል። አንደኛው የዓለም ጤና ድርጅት ስፔሻሊስት ላልሆኑ ባለሙያዎች ያዘጋጀውና አገራችንም ስትሠራበት የቆየችው የኤምኤችጋፕ መመሪያ ሲሆን፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሁለተኛ እትም ስለ ሕፃናትና ወጣቶች የሚናገርበት ክፍል ነው። ሁለተኛው በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ የሚሠራበት የሥርዓተ ምግብ ልየታ ነው። ሦስተኛው ከውጭ አገር ጽሑፎች እየተቀዳ ለወላጆች የሚደርሰው ምክር ነው። ሦስቱም የሚመዘኑት በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደጀን በቢቸናና በደብረ ወርቅ አልፎ ወደ ሞጣ በሚያደርሰው መንገድ ላይ ከምትገኘው ከጉንደ ወይን አንጻር ነው። የአንድ መመሪያ ጥንካሬ የሚፈተነው ስፔሻሊስት በሌለበት፣ አንድ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ብቻውን ከአንዲት እናት ፊት በሚቀመጥበት ክፍል ነውና።

የመመሪያው በጎ ጎን

ሂስ ጉድለትን ብቻ መቁጠር አይደለምና አስቀድሞ የመመሪያውን በጎ ጎን መናገር ተገቢ ነው። የኤምኤችጋፕ ሁለተኛ እትም የእድገት መዘግየት ያለበትን ሕፃን ባለሙያው ሲመረምር የምግብ እጥረትን፣ የአዮዲን እጥረትን፣ የደም ማነስንና ሥር የሰደደ ኢንፌክሽንን እንዲፈልግ ያሳስባል። የማየትና የመስማት ችሎታም እንዲታይ ያደርጋል። ለአሳዳጊዎች በሚሰጠው ምክር ውስጥ ደግሞ ልጁ በቂ እንቅልፍ እንዲያገኝ፣ በቀን ሦስት ጊዜና በመካከሉም መክሰስ እንዲመገብ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ ከቻለ በቀን 60 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ ይመክራል። ስፔሻሊስት ያልሆነ ባለሙያ ለእድገት መዛባት መድኃኒት እንዳይጀምርም ይከለክላል።

ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ምክሩ የተጻፈው ለሕፃናት ሁሉ በአንድነት ነው። ኦቲዝም ያለበት ሕፃን ምክሩን በሥራ ላይ ለማዋል የሚቸገርበት ምክንያት ግን ራሱ ኦቲዝሙ ነው። «ሦስት ጊዜ ይመገብ» የተባለች እናት «ከነጭ እንጀራና ከስኳር ሻይ በቀር ሌላ ነገር አፉ አይገባም» ብትል ባለሙያው የሚመልስላትን ነገር ከገጹ ላይ አያገኝም። ዋናው ጉድለት ይህ ነው።

ቅጥነትን ብቻ የሚፈልግ ልየታ

ወደ ሥርዓተ ምግብ ልየታው ስንመጣ ተመሳሳይ ክፍተት እናገኛለን። የክንድ ዙሪያ ልኬት ወይም ሙአክ የሚሠራው ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር ለሆኑ ሕፃናት ነው፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን በከባድ የምግብ እጥረት ተመዝግቦ ሕክምና ያገኛል። በማኅበረሰብ ደረጃ የሚካሄደው ወርሃዊ የእድገት ክትትል ደግሞ በዋናነት የሚያተኩረው ከሁለት ዓመት በታች ባሉት ላይ ነው። አሠራሩ በቂ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በአማራ ክልል ቁጥሩ 41 በመቶ ደርሶ ነበር። በአገር አቀፍ ደረጃ ከመጠን ያለፈ ክብደት የነበራቸው 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ አገር ባለሙያው ዓይኑን በቀጨጨው ሕፃን ላይ ቢተክል አይፈረድበትም።

ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኦቲዝም በቤተሰብ ዘንድ ጎልቶ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ልጁ ይናገራል ተብሎ በሚጠበቅበትና ትምህርት ቤት በሚገባበት ዕድሜ ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ሚዛን ላይ በሚወጣበት ጊዜ ኦቲዝሙ አልታወቀም፤ ኦቲዝሙ በታወቀ ጊዜ ደግሞ ሚዛኑ ቀርቷል። በመካከሉ የሚመጣውን ለውጥ የሚመዘግብ የለም። በባላገሩ ዘንድ የሞላ ሰውነት የጤናና የድሎት ምልክት ሆኖ መታየቱም ቤተሰቡን ከሥጋት ይልቅ ደስ ያሰኘዋል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ኦቲዝም ያለባቸውን ከ2 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 5,053 ሕፃናትና ወጣቶች መርምሮ 33.6 በመቶው ከመጠን ያለፈ ክብደት እንዳላቸው፣ ከእነዚህም ውስጥ ከጠቅላላው 18 በመቶ የሚሆኑት ከልክ ያለፈ ውፍረት ደረጃ ላይ መድረሳቸውን ገልጿል። ይህን ቁጥር ወስዶ በጎጃም ደጋ ልጆች ላይ መለጠፍ ስሕተት ነው፤ የምግቡም የአኗኗሩም ሁኔታ የተለያየ ነው። ከጥናቱ የሚወሰደው ትምህርት ከፍተኛ ልዩነት የታየው ገና ከ2 እስከ 5 ዓመት ባሉት ላይ መሆኑ ነው። ልማድ የሚተከለው በማለዳ ነው ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ ውፍረትና የንጥረ ነገር እጥረት በአንድ ሕፃን ላይ አብረው ሊገኙ እንደሚችሉ መዘንጋት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የጥናቶች ድምር ትንተና ኦቲዝም ያለባቸው ሕፃናት የአመጋገብ ችግር የሚያጋጥማቸው ዕድል ከሌሎች አምስት እጥፍ ያህል መሆኑን፣ የሚያገኙት ካልሲየምና ፕሮቲንም ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ጥቂት ዓይነት ምግብ ብቻ የሚበሉ ሕፃናት በቫይታሚን ሲ እጥረት ስከርቪ ይዟቸው፣ እግራቸው በማመሙ አንራመድም ሲሉ እንደ ባሕርይ ችግር የታየባቸው ሁኔታዎች በሕክምና መጽሔቶች ተዘግበዋል። ስለዚህ ሞላ ብሎ የሚታይ ሕፃን ድዱ፣ ዓይኑና የደሙ መጠን ሳይታይ «ደህና ነው» ተብሎ መሰናበት የለበትም።

«አሞላቃው ነው» የሚለው ፍርድ

መመሪያው ዝም ባለበት ቦታ ልማዳዊ ፍርድ ይገባል። ልጁ ምግብ ሲመርጥ «እናትየው አሞላቃው ነው»፣ ሲጮህ «አልተቀጣም» ይባላል። እንዲህ ያለው አነጋገር ከባለሙያ አፍ ሲወጣ ጉዳቱ ከፍ ይላል፤ የተወቀሰች እናት በሚቀጥለው ቀጠሮ አትመጣምና።

ኦቲዝም ያለበት ሕፃን ምግብን የሚመርጠው በብዛት በስሜት ሕዋሳቱ አቀባበል ምክንያት ነው። የአንዱ ምግብ ሽታ፣ የሌላው መሻከር፣ የሦስተኛው ቀለም ለእርሱ ከሚቻለው በላይ ሊሆን ይችላል። የለመደው ነገር ሲለወጥበትም ይጨነቃል። በባህላችን ያለውን የማዕድ ሥርዓት በዚህ ዓይን ብንመለከተው ብዙ ነገር ይገለጥልናል። ከአንድ መሶብ ዙሪያ ተሰብስቦ መብላት የፍቅር ምልክት ቢሆንም፣ ወጡ ከወጥ ተነካክቶ የሚያይ ሕፃን ማዕዱን ትቶ ሊሸሽ ይችላል። ጉርሻም እንዲሁ ነው። አያት በፍቅር የዘረጉት እጅ ፊቱ ሲነካ ለማይወድ ልጅ የሚያስደነግጥ ነገር ነው፤ እምቢ ሲል እንደ ንቀት ይቆጠርበታል። ለቤተሰቡ «ለዚህ ልጅ ለብቻው በትንሽ ሳህን ቢቀርብለት ነውር የለውም፤ በራሱ እጅ ቢጎርስ ይሻለዋል» ብሎ ማስረዳት ወጪ የማይጠይቅ ሕክምና ነው።

ከዚያ አስቀድሞ ግን ባለሙያው የሰውነት ሕመም መኖር አለመኖሩን ማጣራት አለበት። የጥርስ ሕመም፣ የሆድ ድርቀት፣ የአንጀት ትላትልና የደም ማነስ የምግብ ፍላጎትን ያጠፋሉ፤ መናገር የማይችል ሕፃን ሕመሙን የሚገልጸው በጩኸት ወይም ምግብ በመግፋት ነው። አፈር ወይም ሌላ የማይበላ ነገር የሚበላ ከሆነም ለደም ማነስና ለትላትል መመርመር ይገባዋል።

መድኃኒቱና ኪሎው

በኤምኤችጋፕ ሕግ መሠረት መድኃኒት የሚጀምረው ስፔሻሊስቱ ነው። ከጉንደ ወይን የሄደ ቤተሰብ ይህን አገልግሎት የሚፈልገው በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር ነው። ራሱን ለሚጎዳ ወይም በኃይለኛ ቁጣ ለሚነሣ ሕፃን ሪስፔሪዶን ሊታዘዝ ይችላል። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለዚሁ ምልክት ተፈቅዷል፤ ለብዙ ቤተሰብም እፎይታ ሰጥቷል።

ከእፎይታው ጋር ግን ኪሎ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው ታዋቂ ጥናት ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 101 ሕፃናት ለ8 ሳምንት ተከታትለዋል፤ ሪስፔሪዶን የወሰዱት በአማካይ 2.7 ኪሎ ግራም ሲጨምሩ አስመሳይ መድኃኒት የወሰዱት 0.8 ኪሎ ግራም ብቻ ጨምረዋል። የዚህን ትርጉም በምሳሌ እንመልከት። ቁመቱ 1.20 ሜትር፣ ክብደቱ 23 ኪሎ የሆነ የ7 ዓመት ወንድ ልጅ ክብደቱ በቁመቱ ካሬ ሲካፈል 16 ገደማ ይሆናል፤ ይህም በዓለም ጤና ድርጅት የእድገት ማመሳከሪያ ጤናማ ነው። በዚሁ ልጅ ላይ 2.7 ኪሎ ብንጨምርበት ውጤቱ ወደ 17.8 ይደርሳል። በዚያ ዕድሜ ላለ ወንድ ከመጠን ያለፈ ክብደት የሚጀምረው ከ17 በላይ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት ደግሞ ከ19 በላይ በመሆኑ፣ ልጁ በሁለት ወር ውስጥ ከጤናማው መስመር ወጥቷል ማለት ነው።

እንግዲህ በሁለት ወር ውስጥ ይህን ያህል ለውጥ ከመጣ፣ በሩቅ ከተማ የተሰጠ የወራት ቀጠሮ ሊደርስበት አይችልም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተስፋፋው ግጭት ምክንያት መንገድ በተደጋጋሚ መቋረጡ ደግሞ ጉዳዩን አክብዶታል። ስለዚህ መድኃኒቱን የሚጀምረው ስፔሻሊስቱ ቢሆንም ክትትሉን መሸከም የሚችለው ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። መድኃኒቱ ሲጀመር ክብደት፣ ቁመት፣ የወገብ ዙሪያና የደም ግፊት መመዝገብ፣ ከዚያም በ4ኛው፣ በ8ኛውና በ12ኛው ሳምንት ክብደቱን ደግሞ ማየት ይገባል፤ ላቦራቶሪው በሚፈቅድበት ቦታ በመነሻውና በ12ኛው ሳምንት የጾም የደም ስኳርና ቅባት ይታያል። የሪፈር መልስ ወረቀት ላይ የመነሻ ክብደቱን የማይጽፍ ስፔሻሊስትም፣ ወረቀቱን ተቀብሎ ልጁን የማይመዝን ጤና መኮንንም እኩል ይተቻሉ።

ክብደቱ ሲጨምር የታየ ቤተሰብ በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን በድንገት እንዳያቋርጥ መምከርም ያስፈልጋል፤ ቁጣውና ራስን መጉዳቱ ሊመለስ ይችላልና። ለስፔሻሊስቱ በስልክ ማሳወቅ፣ የመጠን ማስተካከያ ወይም የመድኃኒት ለውጥ መጠየቅ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በ61 ሕፃናትና ወጣቶች ላይ ለ16 ሳምንት የተካሄደ ጥናት ሜትፎርሚን እንዲህ ያለውን ክብደት በመጠኑ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ይህም ቢሆን የስፔሻሊስት ውሳኔ ነው።

ከውጭ የተቀዳው ምክር

ለወላጆች ከሚደርሱት የውጭ ምክሮች ውስጥ ሦስቱን ብቻ እንመርምር። የመጀመሪያው ግሉተንና የወተት ፕሮቲን የሌለበት አመጋገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የኮክሬን ግምገማ ለዚህ አመጋገብ ያለው ማስረጃ ደካማ መሆኑን ገልጿል። ለጎጃም ቤተሰብ ደግሞ ነገሩ እንግዳ መልክ አለው፤ ጤፍ በተፈጥሮው ግሉተን የለውም፤ ዳጉሳና በቆሎም እንዲሁ። በውድ ዋጋ ከውጭ የሚመጣ ልዩ ዱቄት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ወተት መከልከሉ ግን ከንቱ ብቻ ሳይሆን ጎጂ ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ምግብ ብቻ ለሚቀበል ሕፃን ወተትና እርጎ ዋና የካልሲየምና የፕሮቲን ምንጩ ሊሆኑ ይችላሉና።

ሁለተኛው ልጁ መልካም ነገር ሲያደርግ በከረሜላ ወይም በብስኩት መሸለም ነው። ለማስተማሪያ ለአጭር ጊዜ ቢጠቅምም፣ ሲደጋገም ጣፋጭን የቀኑ ምሰሶ ያደርገዋል። ልጁ የሚወደው መሽከርከር፣ ውኃ መቅዳት፣ ዘፈን መስማት ወይም የበሬ ቃጭል መንካት ከሆነ ሽልማቱ እርሱ ይሁን።

ሦስተኛው የዋና ገንዳ፣ የስፖርት አዳራሽና የሙያተኛ አሠልጣኝ የሚጠይቀው የእንቅስቃሴ ምክር ነው። ምክሩ ለሌለው ነገር የተጻፈ ስለሆነ ቤተሰቡ «ለእኛ አይሆንም» ብሎ እንቅስቃሴውን ሁሉ ይተወዋል። ለጉንደ ወይን ልጅ መንገዱ፣ ዳገቱና የቤት ሥራው አሉለት። የሚጎድለው ደኅንነት ነው። ኦቲዝም ያለበት ሕፃን ሳይታሰብ ከቤት ወጥቶ መሄድ ይቀናዋል፤ ወንዝና ገደል፣ የመኪና መንገድም አለ። አንዳንድ ቤተሰብ ልጁን የሚዘጋበት ወይም የሚያስረው ከጭካኔ ሳይሆን ከዚህ ፍርሃት ነው። «ልጁን ፍቱት» ከማለት በፊት አብሮት የሚሄድ ሰው ማን እንደሆነ መነጋገር ይገባል።

በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚቻለው

የዓለም ጤና ድርጅት የአሳዳጊዎች ክህሎት ሥልጠና በአገራችን በአዲስ አበባና በቡታጅራ ተሞክሯል። ሥልጠናው 9 የቡድን ስብሰባዎችና 3 የቤት ጉብኝቶች ያሉት ሲሆን፣ ትምህርቱን የሚሰጠው በጨዋታና በቤት ውስጥ የዕለት ተግባር በኩል ነው። ለክብደትና ለጤና ልማድም የሚያዋጣው ይኸው መንገድ ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ልማድን አጥብቆ መያዙ እንደ ችግር ብቻ ይታያል፤ መልካም ልማድ አንዴ ከተተከለ ግን ከእኩዮቹ ይልቅ አጽንቶ ይይዘዋል።

ሥራው በጥያቄ ይጀመራል። «እህቴ፣ ትናንት ከጧት እስከ ማታ ምን ምን ቀመሰ? የትኛውን ወደደ? የትኛውን ወረወረ?» ብሎ መጠየቅና የሰባት ቀኑን መዝገብ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር መያዝ ነው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል። ሻይ የሚወድ ከሆነ ስኳሩ በአንድ ጊዜ ሳይቆረጥ በየሳምንቱ በጥቂቱ ይቀነሳል። አዲስ ምግብ ከለመደው ምግብ አጠገብ በጥፍር ያህል ይቀመጣል፤ መጀመሪያ ማየቱ፣ ቀጥሎ መንካቱ፣ ከዚያም ማሽተቱ እንደ እድገት ይቆጠራል። አንድ ምግብ ከመለመዱ በፊት አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ መቅረብ ሊኖርበት ይችላል። በግድ ማጉረስ አይገባም። በሚወደው ምግብ ውስጥ በስውር ሌላ ነገር መደባለቅም አደጋ አለው፤ ልጁ ከነቃበት የሚያምነውን አንድ ምግብ እንኳ ሊተው ይችላል። ሽሮ ልስልስና ወጥ የሆነ ምግብ በመሆኑ ለብዙዎች ጥሩ መነሻ ነው፤ ከእርሱ ወደ ክክ፣ ከክክ ወደ ንፍሮ መሸጋገር ይቻላል። የተቀቀለ ድንች፣ እርጎና እንቁላልም በቤት የሚገኙ ናቸው።

ጾም ሲገባ የቤቱ ምግብ በአንድ ቀን ይለወጣል። ለዚህ ልጅ ይህ ድንገተኛ ለውጥ ከባድ ነው። በልማድ ሕፃናት እስከ 7 ዓመት ገደማ ከጾም ነፃ ሲሆኑ፣ ከዚያ በላይ ላለው ሕመምተኛ የንስሐ አባት ሊያናግሩት የሚችሉት ጉዳይ ነው፤ ባለሙያው ይህን መንገድ በአክብሮት ሊያመለክት ይገባል። ጸበል የሚወስዱ ቤተሰቦችም መድኃኒቱንና ምግቡን እንዳያቋርጡ ከካህናቱ ጋር ተግባብቶ መሥራት ይጠቅማል።

ለእንቅስቃሴውም ለእንቅልፉም ቋሚ ሰዓት ይበጅለት። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መንገድ፣ ከአንድ የቤተሰብ አባል ጋር ውኃ መቅዳት ወይም ወደ ማሳ መሄድ ከማንኛውም ስፖርት አያንስም። በሥዕል የተዘጋጀ የቀን መርሐ ግብር በሌለበት ቤት ዕቃው ራሱ ምልክት ይሆናል፤ ባዶው ጀሪካን ሲነሣ ጉዞ፣ ትንሿ ሳህን ስትቀርብ ምግብ፣ ጋቢው ሲዘረጋ መኝታ እንደሆነ ልጁ ይማራል። ከጊዜ በኋላ ጀሪካኑን ራሱ ያመጣል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተመለከትናቸው ሦስቱም መንገዶች በየራሳቸው ጥቅም ቢኖራቸውም በመካከላቸው አንድ ልጅ ይጠፋል። የአእምሮ ጤና መመሪያው ክብደትን ለሥርዓተ ምግብ ክፍል ይተወዋል፤ የሥርዓተ ምግብ ክፍሉ ከአምስት ዓመት በላይ የሆነውንና የሞላውን ሕፃን አያየውም፤ የውጭው ምክር ደግሞ በቤቱ የሌለውን ያዝዘዋል። መመሪያው ለአገራችን ተስማምቶ ሲዘጋጅ ቢያንስ አራት ነገሮች ሊጨመሩበት ይገባል፦ ኦቲዝም ያለበት ሕፃን ሁሉ በየሦስት ወሩ ክብደቱና ቁመቱ ተለክቶ ከዕድሜው ጋር እንዲነጻጸር፤ ስለ ምግብ መምረጥ አንድ ገጽ የጥያቄና የምክር ቅደም ተከተል እንዲኖር፤ መድኃኒት የጀመረ ሕፃን የመነሻ ክብደቱ በሪፈር ወረቀት ላይ ግዴታ ሆኖ እንዲሰፍር፤ እናትን የሚወቅስ አነጋገር በሥልጠናው ላይ ተለይቶ እንዲወገዝ።

ይህ እስኪሆን መጠበቅ ግን አያስፈልግም። የጉንደ ወይን ባለሙያ የሚያስፈልገው የሚሠራ ሚዛን፣ የቁመት መለኪያ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የ5–19 ዓመት ሠንጠረዥና አንድ ደብተር ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ለሳልም ሆነ ለቁስል ወደ ክፍሉ ሲገባ ይመዘን፤ ቁጥሩ ይጻፍ፤ እናቱም ምን እንደሚበላ ትጠየቅ።